ባዶ የተተወው ቁጥር

የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ቀኑ በወረቀቱ ራስጌ በጎሹ ደባልቄ እጅ ተጽፏል። ከሥሩ አንድ ገጽ ከሩብ የሚሆን ጽሑፍ አለ። የመጨረሻው መስመር «ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ የ» ይልና የአንድ ቃል ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ትቶ «ልጆች እናት ናቸው» ብሎ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር የለም።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ጎሹ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲያስር ወደ ፊት ተደፋ። ባለቤቱ ቢሊሴ ዕቃ የወደቀ መስሏት ከጓሮ ሆና «ምን ጣልክ?» አለችው። ስትገባ ነፍሱ ወጥታ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነበር።

በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ በጥድፊያ የተጻፈ ነውና ሦስት ስህተት አለበት። በ1978 ተወለደ ይላል፤ የተወለደው በጥቅምት 1979 ዓ.ም. ነው። በአጭር ሕመም አረፈ ይላል፤ አንድ ቀን እንኳ አልታመመም። ገጣሚ ነበር ይላል፤ ከሃያ ሦስት ዓመቱ ወዲህ አንድ ስንኝ አልጻፈም። እንዲህ ያለውን ገጽ ለመንደሩ ሟች ሁሉ ሲጽፍ የኖረው እሱ ራሱ ስለነበር፣ የእሱን ገጽ የጻፈለት ሰው፣ አባቱም ቀድመው ሞተዋልና፣ ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘውን ጻፈ። ሊያርሙት የሚችሉ አንዲት ሴት ነበሩ። እሳቸውም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እስከ መጨረሻው ዝም አሉ።

ከአርባው በኋላ ቢሊሴ ያልተጨረሰውን ወረቀት ይዛ ወደ እኚህ ሴት ሄደች። ባዶውን ቦታ በጣቷ እያሳየች፣ «እማማ፣ እዚህ ጋ ምን ሊጽፍ ነበር?» አለቻቸው። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ እንደሚችል ሰው ረጅም ጊዜ አዩት። «ለእሱ ነበር ልነግረው ያልኩት» ብለው መለሱላት። ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ጎሹ የተወለደው አሶሳ ዙሪያ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ከወጣላቸው የሰፈራ አምባዎች በአንዱ ነው። አባቱ አቶ ደባልቄ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ከመጡት ናቸው። ልጁ ወሎን በዓይኑ አላያትም፤ አነጋገሩ ግን ቁርጥ ወሎዬ ነበር። ከተማ ሲገባ ባጃጅ ነጂዎቹ «ከወሎ መቼ መጣህ?» ይሉታል። «ገና አልሄድኩም» ይላቸዋል።

ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቆ በመንደሩ ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምር በልቡ ግን ደራሲ ነበር። በኮሌጁ ሚኒ ሚዲያ ግጥም ሲያነብ ያጨበጨቡለትን እጆች ገና አልረሳቸውም። ስለዚህ በግንቦት 2001 የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ስለሺ መጥተው፣ «የቀብር ታሪክ ይጽፉልን የነበሩት ሽማግሌ ዓይናቸው ደክሟል፤ ፈንታው ዐርፏል፤ የእሱን አንተ ጻፍልን» ሲሉት፣ ሐዘን ቤት ሳይሆን መድረክ የተጠራ ያህል ደስ አለው። ደስታውንም ደበቀ።

ጋሽ ስለሺ ከዕድሩ ሣጥን አንድ የቆየ ወረቀት አውጥተው እንደ መነሻ ሰጡት። ከሰፈራው መጀመሪያ ጀምሮ ለሟች ሁሉ የተነበበው በዚያ ልክ ነው፤ ስምና ቀን እየተለወጠ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣» እያለ ይሄድና፣ «በ1977 ዓ.ም. በፈቃዳቸው ወደ አሶሳ መጡ» ይላል። ያ መስመር መጀመሪያ የተጻፈው ሌላ ነገር መጻፍ በማይቻልበት ዘመን ነው። ዘመኑ አለፈ፤ መስመሩ ግን ቀረ። መንደሩ ሙታኑን ሁሉ በፈቃዳቸው እንደመጡ አድርጎ ቀበረ።

ጎሹ አጥንቱን ይዞ ሥጋ አለበሰው። «የአሶሳ ምድር በናፍቆት ጠራቻቸው፤ እሳቸውም አቤት ብለው በፈቃዳቸው ተነሡ» አለ። አቶ ፈንታውን ዋርካ አደረጋቸው፤ ጥላቸው ሥር ያላረፈ የለም አለ። ከተማ ገብቶ ለዓፊያ ሰጣት። ዓፊያ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ልጅ ናት፤ ገበያው አጠገብ በኮምፒውተር እየጻፈች ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች። አማርኛዋ በትምህርት ቤት የመጣ ነው።

«ጎሹ» አለችው እየጻፈች፣ «ክርስቲያን ሰው የሞተ ሁሉ ደግ ነው እንዴ?»

«እንዴት?»

«እኔ ብዙ ጻፍኩ። ሁሉ ደግ ነው፣ ሁሉ ዋርካ ነው። እኛ ሰፈር ክፉ ሰው አለ። እናንተ ሰፈር ክፉ ሰው አይሞትም?»

ጎሹ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲያነብ ወንዶቹ ሳይቀሩ አለቀሱ። ጋሽ ስለሺ ትከሻውን ይዘው «ቡሩክ ሁን» አሉት። በሠልስቱ ቀን የሟች ታላቅ እህት ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከድንኳኑ ጥግ በእጃቸው ጠሩት። ጎሹም ለሚመጣው ምስጋና «ኧረ ምንም አላደረግኩም» የምትል መልስ አዘጋጅቶ ጠጋ አለ።

«አንተ የደባልቄ ልጅ፣ ያን ወረቀት የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ እትዬ።»

«ደስ ይላል። ሰውየው ማን ነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ያነበብክልን ነዋ። ምድር የጠራችው፣ አቤት ያለው። እኛ የቀበርነው ፈንታውን ነው፤ ያንን ሰው ግን አላውቀውም።»

አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት «ወርቄ፣ ተይው እንጂ፣ ልጅ እኮ ነው» አለች።

«ልጅማ ቢሆን ይጠይቅ ነበር» አሉና ወደ ጎሹ ዞሩ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ያ ነው የከፋው። «ፈንታው ፍየል ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ ነው በዚያው የተጫነው። ገመዱን በእጁ እንደያዘ ነው መኪና ላይ ያወጡት። ያቺ ፍየል የት እንደደረሰች እስከ ሞተበት ሳምንት ያነሣት ነበር። አንተ በፈቃዳቸው ተነሡ አልክ። ያኔ ሲጭኑት ጮኾ ነበር። አንተ ሁለተኛ ስትጭነው ግን አፍ የለውም።»

«ሰው ግን አልቅሷል እኮ እትዬ» አለ።

«ሽንኩርትም ያስለቅሳል።»

ሴቶቹ ሐዘን ላይ መሆናቸውን ረስተው በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። ጎሹ ከድንኳኑ ሲወጣ ጆሮው ይግል ነበር። ከተናገሩት ይልቅ ያቺ ሳቅ ናት ቤቱ ድረስ የተከተለችው።

ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር ለሟች ብዕር አላነሣም። በእሳቸው ደጅ የሚያልፈውን መንገድ ትቶ በማንጎው ዛፎች ዙሪያ መሄድ ጀመረ። ሁለት ሰው ሞቶ ዕድሩ ቢያስለምነው «የማውቀው ነገር የለም፤ እትዬ ወርቅአፈራሁ ይጻፉላችሁ» አለ። ፊደል እንደማይቆጥሩ እያወቀ ነው ይህን ያለው፤ የዚያን ቀን ቃሉ በኋላ ዘመኑ ሁሉ ያሳፍረው ነበር።

በሐምሌ 2002 አባቱ አቶ ደባልቄ ሞቱ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባለ። ጎሹ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ደብተር ይዞ ተቀመጠ። የአባቱን ታሪክ ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈለገም። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ብሎ ጀመረ፤ አባቱ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም። ሰረዘው። ወደ ሰባ ሰባት ሲደርስ «በ» ብሎ ቆመ። በፈቃዳቸው ይሁን ተጭነው፣ ብቻቸውን ይሁን ከሰው ጋር፣ አያውቅም። ውጭ የሣጥኑ ሚስማር ይመታል። እያንዳንዱ ምት ቀኑን ይቀንስበታል።

ደብተሩን ልብሱ ውስጥ ሸጉጦ በዝናብ ወጣ። ጭቃው አንድ ጫማውን አስቀረበት፤ ተመልሶ አላወጣውም። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ለቀብረተኛው ንፍሮ ጥደው ነበር። አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ በራፋቸው ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ አባቴ እንዴት ነው የመጣው?»

ማማሰያውን አላቆሙም። «ስንት ዓመት አብረኸው ኖርክ?»

«ሃያ ሦስት።»

«ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

ጎሹ ጭቃ የለበሰ ባዶ እግሩን አየ።

«እንግዲያ ግባ። እንጨቱን እየማገድክ ስማኝ።»

ነገሩት። ደባልቄ እህል ይሰጣል ሲባል ሰልፍ ይዞ፣ ሰልፉ መኪና አፍ ላይ አልቆ ነው የመጣው። የመጀመሪያውን ቤቱን በክረምት በቆረጠው ቀርከሃ ሠራ። ቀርከሃ በክረምት ውስጡ ጣፋጭ ነው፤ ነቀዝ ይወደዋል። ወሎ ውስጥ ቀርከሃ ቆርጦ ስለማያውቅ ይህን ማን ይንገረው? የበርታ ጎረቤቱ ቆሞ አየውና ራሱን ነቀነቀ፤ ቋንቋ ግን አልነበራቸውም። ነቀዙ ማታ ማታ ሲቆረጥም ይሰማ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቤቱ በላያቸው ተቀመጠ። ደባልቄ ከፍርስራሹ ውስጥ ራሱ ላይ አቧራ እንደተከመረ ወጣና፣ «እኔ ስራብ እዚህ አመጡኝ፤ ይኼኛው ደግሞ ሲርበው እኔን አመጡለት» አለ። ያን ጊዜ መንደሩ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። በበጋ ያ ጎረቤት መጥቶ እጁን ይዞ ወስዶ የደረቀውን እየመረጠ አስቆረጠው። ጎሹ የተወለደበት ቤት ያ ሁለተኛው ነው።

ጎሹ እንጨት እየማገደ፣ ጭሱ ዓይኑን እየወጋው፣ ጉልበቱ ላይ ጻፈ። ጋሽ ስለሺ ወረቀቱን አይተው ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ «ቤት ወደቀበት ብለህ በአባትህ ቀብር ላይ ታነባለህ?» አሉት። አነበበ። ነቀዙ ጋ ሲደርስ ከኋላ የነበሩት ሽማግሌዎች ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። ጎሹ ራሱ ያን ቀን መጀመሪያ ያለቀሰው እዚያ ላይ ነው።

ሲመለሱ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በመንገድ ደረሱበት። «ቤቱ በዓመቱ ወደቀ ብለሃል» አሉት። «በሰባተኛው ወር ነው። አርመው።» ጎሹ ቆሞ አረመው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ገጽ ሳያነብላቸው ሰው ፊት አላቀረበም። የጻፋቸው ሠላሳ አራት ሕይወቶች በሦስት ደብተር አሉ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ወደ ሐዘን ቤቱ ሳይሆን ወደ ጎረቤት፣ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ሟቹ ወደ ተጣላው ሰው ጭምር ይሄድና ይጠይቃል። ያላገኘውን አይጽፍም። አንድ ጊዜ ቤተሰቡን ሲያስጨንቅ የኖረ ሰው ሞተ፤ ልጆቹ ደግ በልልን አሉት። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ «ውሸት አትጻፍ፤ እውነቱንም እንደ ቆሻሻ ሰው ላይ አትድፋ። የሠራውን ፈልግና አጭር አድርገው» አሉ። ሰውየው መንደሩን ከጎርፍ ያዳነ ቦይ ብቻውን ቆፍሮ ነበር። ጎሹ ስለ ቦዩ ስድስት መስመር ጻፈ።

ዓፊያ ስድስቱን መስመር ጽፋ ወረቀቱን ገለበጠች። «ሌላው ገጽ የታለ?»

«ይኼው ነው።»

«ስንት ዓመት ኖረ?»

«ሰማንያ አንድ።»

«ወላሂ» አለች ዓፊያ፣ «ክፉ ሰው ነበር ማለት ነው።»

በዚህ ሁሉ መሀል የቀረ ነገርም አለ። ከቆዩ ግጥሞቹ የሚወደውን መርጦ አንድ ቀን ለወይዘሮ ወርቅአፈራሁ አነበበላቸው። በትዕግሥት ሰሙና «ይኼን እኔ አላውቀውም። የሚያውቅ ሰው ጠይቅ» አሉት። እውነታቸውን ነው። ጎሹ ግን የሚጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረውም፤ እሳቸው ያላረሙለትን ነገር ደግሞ ለሰው ማሳየት አቅቶት ነበር። አሥራ አንድ ግጥሞች በካርቶን ውስጥ አሉ። የመጨረሻው አባቱ ከመሞታቸው በፊት የተጻፈ ነው። ቢሊሴ ካርቶኑን ባየችው ቁጥር «ሙታኑ ሁሉንም ወሰዱብኝ» ትለው ነበር፤ ግማሹ ቀልድ ነው።

በኅዳር 2017 ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ አመማቸው። ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ጎሹን አስጠርተው፣ «የእኔን ጻፍ» አሉት።

«እትዬ ደግሞ፣ ምን አጣደፍዎት?»

«ከሞትኩ በኋላ ማን ያርምልኛል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እየመጣ ከአጠገባቸው ይቀመጣል። ሕይወቱን ሙሉ የእሳቸውን እርማት ተቀብሎ፣ የእሳቸውን የራሳቸውን ገጽ ማበላሸት ከሁሉ የሚያስፈራው ነገር ሆነበት። በመጀመሪያው ረቂቅ፣ ከዚያ ድንኳን የተማረውን አጥብቆ ይዞ፣ «ያለ ፈቃዳቸው ተጭነው መጡ» ብሎ አነበበላቸው።

«አይደለም» አሉ።

«ምኑ?»

«እኔን ማንም አልጫነኝም። ወንድሜ ፈንታው መወሰዱን ስሰማ፣ እሱን ልከተል ብዬ በእግሬ ሄጄ ተመዘገብኩ። ባሌ እንቢ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲጫን እኔ ፈቅጄ ነው የመጣሁት። ፈቃዴን ደግሞ አንተ አትውሰድብኝ።»

ጎሹ አፉን በእጁ ያዘ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ከሰው ሁሉ ገጽ ሲፍቅ ኖሮ፣ እውነት የሆነባት አንዲት ሴት አጠገቡ እንደነበረች አልጠየቀም።

እንደገና ጻፈው፤ ደግሞም እንደገና። በጥር ወር ስለ መንገዱ ሲያወሩ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በወሬ መሀል «ሦስት ምጥ አውቃለሁ» አሉና ወዲያው ስለ ማሽላ ማውራት ጀመሩ። መንደሩ የሚያውቀው ሁለት ልጆች ነው። አንዱ ድንበሩ ላይ ኩርሙክ ይነግዳል፤ ሌላዋ አሶሳ ከተማ አግብታ ትኖራለች። ጎሹ የሰማውን ዋጠው። ድሮ ቢሆን ከዚያች ቃል ሦስት ገጽ ያወጣ ነበር።

ሐሙስ የካቲት 6 ቀን ወረቀቱን ይዞ መጣ። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ደጃፋቸው ላይ ምንጣፍ ዘርግተው የደረቀ በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር። አነበበላቸው። አንድ የተሳሳተ ቀን ነበረበት፤ አሳረሙት። ባዶው ቦታ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ ቁጥር አልጻፍኩም» አለ።

«ሰው ሁሉ ሁለት ይላል።»

«ሰው አይደለም የምጠይቀው እትዬ፤ እርስዎን ነው።»

የያዟትን በርበሬ ሳይቀነጥሱ መልሰው ምንጣፉ ላይ አኖሯት። የተከተሉት ወንድማቸው ነው፤ በመንገዱ የቀረው ሦስተኛው ልጅ ግን ምን እንደሆነ፣ የት እንደቀረ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ለዚህ መንደር ሰው ተናግረው አያውቁም። ጎሹ አልገፋቸውም። ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ነገ ጠዋት ና» አሉት በመጨረሻ። «ጠዋት ትንፋሼ ደህና ነው። እነግርሃለሁ።»

«እሺ።»

«ዛሬ ይቺን በርበሬ አስፈጭልኝ። ወፍጮ ቤቱ በርበሬ የሚፈጨው ሐሙስ ብቻ ነው፤ ካመለጠኝ ሳምንት ልጠብቅ ነው።»

ጎሹ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አኖረና በርበሬውን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ወጣ። ወፍጮ ቤቱ ሲደርስ ከፊቱ አራት ሰው ነበር። ሁሉም አፍንጫቸውን በሻርፕ አስረዋል። ወፍጮ ፈጪው ሲያየው «ጎሹ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» አለው።

«በርበሬ ነው ያመጣሁት።»

«እሱንም ልትጽፍለት ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ማስነጠስ ጀመሩ። ተራው ሲደርስ ወፍጮው ውስጥ የቀረው የሌላ ሰው በርበሬ እንዲወጣ ጎሹ ፈጪውን መጀመሪያ አንድ ጭብጥ ጨው እንዲያስገባለት ጠየቀው። ከዓይኑ እንባ እየፈሰሰ፣ አንዲት ቅንጣት እንዳትቀር ዱቄቱ የሚወርድበትን የአሸንዳውን አፍ በመጥረጊያ ጠራርጎ ወደ ከረጢቱ አወረደው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተመለሰ። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከተፈጨው በርበሬ ቆንጥረው በሁለት ጣታቸው መሀል አሹት፤ ደቃቅነቱን በምላሳቸው ጫፍም ሞከሩት። የሚታረም አላገኙበትም። ጎሹ ዱቄቱን ወደ ቆርቆሮው ገለበጠ፣ ክዳኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ገጠመ፣ እሳቸው ሳይንጠራሩ እንዲደርሱበት ዝቅተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ባዶውን ከረጢት ደጅ ላይ አራግፎ አጣጠፈና በሩ ኋላ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለው።